ማስተሩ ከገበያ የጠፋ ፊያት 124፦ የአንድ ምትክ ዕቃ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ ፊያት 124 ናት። ባለ አራት በር፣ 1197 ሲሲ ሞተር ያላት፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን የተገጠመላት፣ የእግርን ጉልበት የሚያግዝ የፍሬን ሰርቮ ግን የሌላት። ባለቤቷ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ይበልጣሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቅሬታቸው አጭር ነበር።

«ፍሬን ይዤ ስቆም ፔዳሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ደግሜ ስረግጠው ይመለሳል» አሉኝ።

«የፍሬን ዘይቱስ ይቀንሳል ጋሼ?»

«ጠብታ አይቀንስም።»

ይህ መልስ ግማሹን ሥራ ጨረሰልን። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይፈስ ፔዳሉ ከወረደ፣ ግፊቱ የሚያመልጠው ከውስጥ ነው። የፍሬን ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር፣ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ዘይቱን መያዝ አቅቶት ወደ ኋላ እያሳለፈው ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ በግምት አልሄድንም። አራቱንም ጎማ አውልቀን ካሊፐሮቹን (ዲስኩን ጨምቀው የሚይዙትን) እና ሆሶቹን (ተጣጣፊ የጎማ ቱቦዎቹን) አየን። ሁሉም ደረቅ ናቸው። ከዚያ ማስተሩን አወረድነው።

ስንፈታው ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛው የሚጠበቅ ነው። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ በዝገት ተበልቷል፤ ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዙ ጉድጓዶች አሉት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዘይቱ ሳይቀየር ዓመታት ሲያልፉ ውሃው ዘይቱ ውስጥ እየበዛ ብረቱን ይበላል።

ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። ከጎሚኒዎቹ አንዷ አብጣለች። ሌሎቹ ቅርፃቸውን ይዘዋል፣ እሷ ግን ለስልሳ ከመቀመጫዋ ወጣ ብላለች። ዘይቱ በሞተር ዘይት ወይም በናፍጣ ተበክሎ ቢሆን ኖሮ የሚያብጠው ሁሉም ነበር። አንዷ ብቻ ስታብጥ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ጎማዋ ራሱ የተለየ ዓይነት ነው። ከዚህ በፊት ማስተሩን የከፈተው ሰው ትክክለኛዋን ጎሚኒ ሲያጣ፣ ልኳ የሚመስል የሃይድሮሊክ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ገጥሞበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሮጌ መኪና ላይ ምትክ ዕቃ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ይሄ ነውና። ተራ የሃይድሮሊክ ኦሪንግ ናይትራይል ከሚባል ጎማ ይሠራል። ናይትራይል ለሞተር ዘይት፣ ለናፍጣና ለቤንዚን ጥሩ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ግን ከነዳጅ ዘይት የተሠሩ አይደሉም፤ መሠረታቸው ግላይኮል ነው። ለእነሱ የሚሆነው እንደ ኢፒዲኤም ያለ ጎማ ነው። ኢፒዲኤም ደግሞ በተራው የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ይለጠጣሉ፣ በዓይን አይለዩም። ልኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ የገባ ጎሚኒ ለጥቂት ወራት ይሠራል። ከዚያ ወይ ይለቃል፣ ወይ አብጦ ፒስተኑን ያስይዛል። ፍሬን ላይ ሁለቱም የሰው ሕይወት ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ያበጠችውንና ከደህናዎቹ አንዷን ለካኋቸው። ከዚያ ሁለቱንም አዲስ የፍሬን ዘይት ባለበት ክዳናም ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኳቸው። ከቀናት በኋላ ስለካቸው ደህናዋ ያው ናት፤ ያበጠችው ይበልጥ አብጣለች። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም። የምን ጎማ እንደሆነ ያልተጻፈበት ጎሚኒ እጁ ላይ የገባ ሁሉ ከመግጠሙ በፊት ቢሞክረው እመክራለሁ።

ያም ሆነ ይህ ማስተሩ አልቆለታል። አዲስ ኦሪጅናል ፈለግን፤ የሚያመርተው የለም። የጥገና ኪትም ፈለግን። አንድ ቦታ ድሮ ተሠርቶ ማሸጊያው ሳይከፈት የከረመ ተገኘ። ጎማ ግን ሳይሠራበትም ያረጃል። ደርቆ የጠነከረ ጎሚኒ ከነካርቶኑ ቢመጣም ጎሚኒ አይደለም። ደግሞም ግድግዳው የተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ጎሚኒ ቢገባ ቶሎ ይቦጫጨራል።

ዘር መቁጠር

አንድ ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ መጀመሪያ የማደርገው የመኪናዋን ዘር መቁጠር ነው። እናቷ ማን ናት፣ እህቶቿ የት ተወለዱ፣ ከእነሱ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የኖረችው የትኛዋ ናት?

ፊያት 124 በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ቀረበች። በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። ጣሊያን ውስጥ ምርቷ በ1974 ቢያበቃም ዘሯ አልጠፋም። ስፔን ውስጥ ሴአት 124፣ ቱርክ ውስጥ ሙራት 124 ተብላ ተሠርታለች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሩሲያ ውስጥ የሆነው ነው። ፊያት ከሶቭየት ኅብረት ጋር በ1966 ባደረገው ስምምነት በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ ተተከለ። በ1970 ቫዝ 2101 ከዚያ ወጣች። ይህቺ እኛ ሁላችን ላዳ ብለን የምናውቃት ናት። የላዳ ዘር በ2107 እና በ2104 በኩል እስከ 2012 ድረስ ሲመረት ቆየ። ስለዚህ እናቲቱ ካቆመች ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላም የልጅየዋ መለዋወጫ ይሠራ ነበር።

ግን ላዳ ቀለሟን የቀየረች ፊያት አይደለችም። ሩሲያኖቹ ለመጥፎ መንገድና ለከባድ ብርድ ብለው ብዙ ነገር ለውጠውባታል። ቆርቆሮው ወፈረ፤ ከመሬት ከፍ አለች። ሞተሩ ካምሻፍቱ ከላይ ያለ ሌላ ሞተር ሆነ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ለውጥ ደግሞ የኋላ ፍሬኑ ነው። ፊያት 124 ከኋላ ዲስክ ሲኖራት ላዳ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ) ነው ያላት። «ላዳና ፊያት አንድ ናቸው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆንበትም የማይሆንበትም ቦታ አለ። ፍሬን ደግሞ ከድንበሩ ላይ ነው።

ዕቃው የሚሠራውን መጻፍ

ምትክ ከመፈለጌ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የድሮው ማስተር የሚሠራውን ሥራ እጽፋለሁ። የዕቃውን ቁጥር አይደለም፤ ሥራውን። የዚህችኛዋ እንዲህ ነበር።

ማስተሩ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል ለፊት ጎማዎች፣ አንዱ ለኋላ ጎማዎች ግፊት ይሰጣል። የውስጥ ስፋቱ 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገፋው የእግር ጉልበት ብቻ ነው፣ ሰርቮ የለም። ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ሙሉ በሙሉ መመለስ አለበት። ከኋላ ያሉትን ካሊፐሮች እስከ መጨረሻው መግፋት የሚችል ዘይት መያዝ አለበት። ከዚያ የመግጠሚያው ጣጣ ይከተላል፦ የሁለቱ ቡሎኖች ርቀት፣ የፔዳሉ ዘንግ የሚያርፍበት ጉድጓድ ጥልቀት፣ የቱቦዎቹ መውጫ አቅጣጫና ጥርስ፣ ዘይት የሚገባባቸው አፎች።

ከላይ ያለውን የስፋት ቁጥር ሰዎች ቀለል አድርገው ያዩታል። «ሃያ ሚሊ ምናምን ነው፣ ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። ሒሳቡን እንየው። 19.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን ፊቱ 285 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ዘንጉ ፒስተኑን በ1000 ኒውተን ቢገፋው፣ ማለትም ወደ 100 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት፣ ቱቦው ውስጥ ወደ 35 ባር ግፊት ይፈጠራል። አሁን ስፋቱን 20.64 እናድርገው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። የፒስተኑ ፊት ግን 334.6 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል። በዚያው 1000 ኒውተን የሚገኘው ግፊት ወደ 30 ባር ይወርዳል። መኪናዋን እንደ ድሮው ለማቆም ሹፌሩ 17 በመቶ ያህል ጠንክሮ መርገጥ አለበት። በዕድሜ ለገፉ ሰው፣ ሰርቮ በሌላት መኪና፣ በድንገተኛ ጊዜ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ማነሱም ቢኬድ ነፃ አይደለም። ጠባብ ማስተር ግፊቱን ይጨምራል፣ ፔዳሉ ግን ብዙ መውረድ አለበት። ያ ደግሞ ወለል ጋ ሊያደርሰው ይችላል።

ሦስት መንገድ

የመጀመሪያው አማራጭ የድሮውን ማዳን ነበር። ሲሊንደሩን በቶርኖ አስፍቶ የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ እጅጌ (ቀጭን ቱቦ) ማስገባትና ውስጡን እንደገና ወደ 19.05 ማምጣት። በትክክል ከተሠራ ይህ በጣም ጥሩ መንገድ ነው፤ መኪናዋ ብርቅ ብትሆን ወይም ለሙዚየም ብትቀመጥ እሱን እመርጥ ነበር። ግን ውስጡ መስተዋት መሆን አለበት፤ ልኩም ከመቶኛ ሚሊ ሜትር ጋር የሚቆጠር ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ግፊቱ ጎሚኒውን በፒስተኑ ዳር እየገፋ ይቀረድደዋል። ጥቃቅኖቹ የዘይት ቀዳዳዎችም በእጅጌው ላይ እንደገና መበሳትና ጫፋቸው መለስለስ አለበት። ይህን ሥራ ፍሬን ላይ የለመደ ባለሙያ ካላገኙ መንካት አያስፈልግም። እኛም አላገኘንም። ውስጡን በሆን ድንጋይ አሽቶ ጉድጓዶቹን ማጥፋት የሚል ሐሳብም ቀርቦልን ነበር። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ስለነበሩ እነሱ እስኪጠፉ ሲታሽ ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ይሰፋል። አይሆንም አልኩ።

ሁለተኛው የላዳ 2108 ማስተር ነው። ሻጩ ይህንን አጥብቆ ነበር የመከረን፤ «አዲስ ስሪት ነው፣ ይሻላል» እያለ። ዕቃው ጥራት አልጎደለውም። ግን ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ስፋቱ ከላይ የጠቀስኩት 20.64 ነው። 2108 ሰርቮ ያላት መኪና ናት፤ የጨመረውን ጉልበት የሚሸከመው ሰርቮው ነው። በዚያ ላይ የፍሬን መስመሯ በሰያፍ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል የፊት ቀኝና የኋላ ግራ፣ ሌላው የፊት ግራና የኋላ ቀኝ። የእኛዋ ፊትና ኋላ ናት። ሁለቱን ማጋባት ይቻል ይሆናል፤ የሚያተርፈን ነገር ግን አልታየኝም።

ሦስተኛው የክላሲክ ላዳ፣ ማለትም የ2101 እስከ 2107 ዘር ማስተር ነው። ስፋቱ 19.05። ፊትና ኋላ የተከፈለ። ለዚያ ዘር መኪና የሚሆን አዲስ ዕቃና ጎሚኒ ይገኛል። ወረቀቴ ላይ ካሉት መስመሮች አብዛኞቹን አሟላ። የቀሩት ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም የላዳ ኋላ ታምቡር ከመሆኑ የሚመጡ ናቸው።

አንደኛው፣ ለታምቡር ፍሬን የሚሠሩ አንዳንድ ማስተሮች መውጫቸው ላይ ትንሽ ግፊት አስቀርታ የምትይዝ ቫልቭ አላቸው። ለታምቡር ይጠቅማል። ዲስክ ላይ ግን ፓዱ (ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ) ዲስኩን ሁልጊዜ እየነካ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ይሞቃል፣ ይበላል። ስለዚህ የገዛነውን ማስተር መውጫዎቹን ከፍቼ በባትሪ ብርሃን አየሁ። ቫልቭ የለም። አንድ ጥያቄ ወደቀ።

ሁለተኛው የዘይቱ መጠን ነው። የፊያቷ የኋላ ካሊፐር ፒስተን ስንለካው 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላዳው የኋላ ሲሊንደር በጣም ይሰፋል። የኋላው ክፍል የሚገፋው ዘይት ይበቃዋል ወይ? ምክንያት ካየን ይበቃል የሚያሰኝ ነበር። ዲስክ ላይ ፓዱ ከዲስኩ የሚርቀው እጅግ ትንሽ ነው። ታምቡር ላይ ሸራው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ግን ምክንያት በቂ አይደለም፤ በሙከራ መረጋገጥ አለበት አልኩ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጋሼን ጠርቼ ሦስቱንም መንገድ አስረዳኋቸው። ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ነጂውም ባለቤቱም እሳቸው ናቸው።

«አንተ ብትሆን የትኛውን ትገጥም ነበር?»

«ክላሲኩን ላዳ፣ ጋሼ። ግን ሙከራውን ካላለፈ አልሰጥዎትም፤ ተመልሰን እጅጌ የሚያስገባ ሰው እንፈልጋለን።»

«በል ቀጥል» አሉኝ።

መግጠሙ

ቡሎኖቹ ቦታቸውን አገኙ። ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት «ገጠመ!» የሚለው ነው። ማስተር ቡሎኑ ስለገባ ብቻ አልገጠመም።

የፔዳሉ ዘንግ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ያጠፋነው። ከማስተሩ መቀመጫ ፊት ጀምሮ ዘንጉ እስከሚያርፍበት ጉድጓድ ግርጌ ያለውን ጥልቀት በቬርኒየር ለካሁ፤ መጀመሪያ የድሮውን፣ ከዚያ የአዲሱን። የአዲሱ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርባል። ይህ ማለት በድሮው ልክ ቢታሰር ማንም ፔዳሉን ሳይነካው ዘንጉ ፒስተኑን ገፋ አድርጎ ይይዘዋል። ያኔ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል። መኪናዋ ስትነሳ ምንም አይታወቅም። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ፍሬኑ ሲሞቅ ዘይቱ ይሰፋል፣ መሄጃ ያጣል፣ ፓዶቹን ራሱ መግፋት ይጀምራል። ፓዶቹ ይበልጥ ይሞቃሉ፣ ዘይቱ ይበልጥ ይሰፋል። መጨረሻው መኪናዋ በመንገድ መሀል ራሷን ይዛ መቆሟ ነው።

አንዳንዱ ይህን የሚያስተካክለው ከማስተሩ ኋላ ሮንዴላ ደርድሮ በማራቅ ነው። አልወደውም። ማስተሩ በሙሉ ፊቱ ማረፍ ሲገባው በሁለት ነጥብ ይንጠለጠላል፤ በተረገጠ ቁጥር ይነቀነቃል። በዚህች መኪና ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያቆመው የፍሬን መብራት ማብሪያው ነው። እሱን ዳዶውን ፈትቶ ወደ ኋላ ማውጣት ይበቃል። እንዲህ አድርገን ፔዳሉ በእጅ ሲገፋ ዘንጉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነፃ እንዲሄድ አደረግን። ለላዳ የተቀመጠው ልክም ይኸው ነው። ከዚያ መብራቱ በጊዜው መብራቱንና መጥፋቱን አየን።

ቀጥሎ ጥርስ። የሁለቱም መኪናዎች የፍሬን ቱቦ መግቢያ ኤም 10 (10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ እፎይ ያሰኛል፤ ምክንያቱም ሌሎች ብዙ መኪናዎች ላይ ያለው ኤም 10 በ1.0 ነው። ሁለቱ ከሩቅ አይለዩም። ኤም 10 በ1.0 የሆነ ጫፍ 1.25 ውስጥ በእጅ ሲገባ ትንሽ ዞሮ ይይዛል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ቁልፍ ያመጣና ያስገድደዋል፤ ጥርሱ ተቀርድዶ «ጠበቀ» ይመስለዋል። በጥርስ መለኪያ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። የእኔ ደንብ፣ የፍሬን ቱቦ ጫፍ በጣት እስከ መጨረሻው አካባቢ ካልዞረ ቁልፍ አይነካውም። የቱቦው አፍ አጠፋፍም ከመግቢያው ግርጌ ካለው መቀመጫ ጋር መስማማት አለበት፤ ሁለት ዓይነት አጠፋፍ አለ፣ አንዱ በሌላው መቀመጫ ላይ አይዘጋም። የእኛው ተስማማ።

አንደኛው መውጫ ግን አቅጣጫው ትንሽ ተለየና የድሮው ቱቦ ሳይጣመም አልደርስ አለ። አሮጌ የብረት ቱቦ እንደገና ማጠፍ ማስሰንጠቅ ነው። አዲስ አጭር ቱቦ ከመዳብና ኒኬል ቅይጥ ሠራን። ንጹሕ መዳብ አይሆንም፤ በንዝረት ይደክምና ይሰበራል። መቀጠልና መበየድም ፍሬን ላይ ቦታ የላቸውም።

ከማጠራቀሚያው ወደ ማስተሩ የሚወርዱት የጎማ ቱቦዎች ደረቅ ስለነበሩ አብረው ተቀየሩ። እዚህም ያ የጎማ ጉዳይ ይመጣል፤ የነዳጅ ሆስ ልኩ ስለሚሆን ብዙዎች ይገጥሙታል። አብጦ ይለሰልሳል። ለፍሬን ዘይት የተሠራውን ነው የገዛነው። የፊት ሆሶቹንም ለዚያው ስንል ቀየርናቸው። ያገኘናቸው ከድሮዎቹ ትንሽ ይረዝሙ ነበር። መኪናዋን አንስተን ጎማው ተንጠልጥሎ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞርን። ከዚያ ወደ መሬት መልሰን እንደገና አዞርን። ሆሱ ጎማውንም ሞላውንም የማይነካ፣ የማይወጠርም መሆኑን በሁለቱም በኩል እስክናይ አልተንቀሳቀስንም።

አዲስ ዶት 4 አፍስሰን አየሩን አስወጣን። ዶት 4 አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው ልኩ ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ አይጨመርም። ማስተሩን መኪናዋ ላይ ከመስቀላችን በፊት ሞርሳ ላይ አሥረን አየሩን አስወጥተን ስለነበር ቀሪው ሥራ ቀላል ሆነ።

ሙከራው

ሁሉም በቆመች መኪና ላይ ነው የተጀመረው። ፔዳሉን በሙሉ ጉልበት ረግጬ ያዝኩ። አልወረደም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ደረቅ ሶፍት አዙረን ደግመን ረገጥን። ሶፍቱ ደረቅ ነው። አራቱም ጎማ ተነስቶ፣ ተረግጦ፣ ተለቅቆ፣ በእጅ ሲሽከረከር ሁሉም ወዲያው ነፃ ሆነ።

ከዚያ ያቺ የቀረችው ጥያቄ መጣች። ማስተር ባለ ሁለት ክፍል የሚሆነው አንዱ ሲበጠስ ሌላው እንዲያቆም ነው። ስለዚህ አንዱን ሆን ብለን ማበላሸት አለብን። የፊት ካሊፐር አየር ማስወጫ ላይ ቱቦ አድርገን ከፈትነው፤ የፊቱ መስመር እንደተበጠሰ ያህል ማለት ነው። ረገጥኩ። ፔዳሉ ብዙ ወረደ። ወለሉ ጋ ሳይደርስ ግን ጠንክሮ ቆመ፤ የኋላ ጎማዎቹም ተያዙ። የ34 ሚሊ ሜትሮቹን ፒስተኖች የሚገፋ ዘይት በቅቷል ማለት ነው። ዘግተን የኋላውን ከፈትን። ፔዳሉ እንደገና ወረደ፣ ፊቱም ያዘ። ይህን ሙከራ ብዙ ቦታ ሲደረግ አላይም። እኔ ግን ማስተር በሌላ ዓይነት በተተካበት መኪና ላይ ሳላደርገው ቁልፍ አላስረክብም። ሁለቱንም መስመር ዘግተን አየሩን ደግመን አስወጣን።

መንገድ ላይ የወጣነው ከዚህ በኋላ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ከዚያ እየጨመርን። ቀጥ ብላ ትቆማለች። በኃይል ሲረገጥ መጀመሪያ የሚይዘው ፊት ነው፤ ትክክለኛው ይኸው ነው፣ ኋላ ቀድሞ ከያዘ መኪና ትዞራለች። የኋላውን ግፊት የሚቀንሰውን መቆጣጠሪያ አልነካነውም፤ ስፋቱ እኩል ስለሆነ የፊትና የኋላ ሚዛኑ የሚለወጥበት ምክንያት የለም። ከረጅም ንዳት በኋላ ጎማዎቹ መሀል ላይ እጅ እያስጠጋሁ ሙቀታቸውን አመሳሰልኩ። ግራና ቀኙ እኩል ነው። የሚጎትት የለም።

ለጋሼ መኪናዋን ሳስረክብ አንድ ወረቀት በላስቲክ ሸፍኜ መሪው አጠገብ ካለው ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩ። የተገጠመው ማስተር የክላሲክ ላዳ መሆኑ፣ ስፋቱ 19.05 መሆኑ፣ ጎሚኒ ሲፈለግ የፊያት ሳይሆን የላዳ እንደሚታዘዝ፣ ነፃ ጉዞው ስንት እንደሆነ፣ ዘይቱ ዶት 4 እንደሆነና የተቀየረበት ቀን ተጽፎበታል። ይህን ለራሴ አይደለም ያደረግኩት። ነገ ሌላ ባለሙያ ቦኔቱን ሲከፍት ፊያት ነው የሚያየው፤ ዕቃ የሚያዘውም በፊያት ስም ነው። ያ ያበጠ ጎሚኒ እዚያ የገባው የቀድሞው ሰው ምን እንዳደረገ የሚናገር አንድም መስመር ስላልተወ ነው። የድሮው ማስተርም አልተጣለም፤ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እጅጌ የሚያስገባ ጎበዝ ሲገኝ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን በየጊዜው አያታለሁ። የዘይቱ ልክ አልተንቀሳቀሰም፤ ፔዳሉም ከፍታውን ይዟል። ጋሼ ግን ሰሞኑን አዲስ ሐሳብ አምጥተዋል። ጉልበታቸው እየቀነሰ ስለሆነ ሰርቮ ይገጠምልኝ ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሰርቮ ከገባ ግን ወረቀቴ እንደገና ከመጀመሪያው ይጻፋል። የዘንጉ ርዝመት ይለወጣል፣ ማስተሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ቱቦዎቹ ይቀየራሉ። 19.05 ከሰርቮ ጋር ፔዳሉን ከልክ በላይ ስሜታም ሊያደርገው ስለሚችል ያ አልፈልገውም ያልኩት 20.64 ያኔ እንደገና ይለካል። ለአሁኑ የሞተሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ለክቼ ጽፌያለሁ፤ የሚበቃ ሰርቮ እያፈላለግን ነው።